የብስክሌቴ ደወል

ለባለቤቴ ለኡምኩልሱም፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሰው አገር በሰላም ይጠብቅሽ። እኔም እናቴም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ገብሱም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። በደወልኩ ቁጥር ስልክሽ ተይዟል ስለሚለኝ፣ ይህን ወረቀት ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ለፋጢማ ሰጠኋት።

እኔ ያው በብስክሌቴ መካነ ሰላም እመላለሳለሁ። የመንገዱን ሰላምታ ታውቂዋለሽ፤ ሞተረኛው ጡሩምባ ይነፋል፣ ብስክሌተኛው ደወሉን ያቃጭላል። የጎረቤታችን ልጅ ቢሻው ግን፣ መቼም አትረሺውም፣ ያቺን ሲወለውላት የሚውላትን ሞተሩን አቁሞ ነው ሰላም የሚለኝ። ድሮ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀኝ አንቺን ነበር። ከረመዳን ወዲህ እናቴን ይጠይቃል፣ ላሟን ይጠይቃል፣ የኋላ ጎማዬን እንኳ ሳይቀር ይጠይቃል፤ አንቺን ግን አያነሳም። ረስቶሽ ይሆናል ብዬ ትናንት እኔው ራሴ፣ «ኡምኩልሱምም ደህና ናት» አልኩት።

«አዎ፣ ጉንፋኑም ለቀቃት» ብሎኝ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እንኳን ለቀቀሽ። እኔ መታመምሽንም አልሰማሁ።

ከእንግዲህ መንገድ ላይ ለማንም ላላቃጭል፣ የብስክሌቴን ደወል ፈትቼ ሣጥንሽ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ባልሽ እንድሪስ