የወለተ ገብርኤል የሦስት ሰዓት መንገድ

ሪያድ፣ መንሱራ
ጥር 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአስከሬን ሽኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከወንበርዎ በላይ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እዚህ ሪያድ ዑለያ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ወለል የማጸዳ ምንትዋብ ነኝ። መስከረም ላይ በድንገት ያረፈችው ወለተ ገብርኤል በአንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ነበረች፤ አስከሬኗ እስከ ዛሬ እዚሁ ሪያድ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።

በቅድሚያ በመጠበቂያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ ስላሰቀሉት ሰሌዳ ላመሰግን እወዳለሁ። ከሪያድ አዲስ አበባ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራውም ሦስት ሰዓት ያህል መሆኑን የተማርኩት ከእሱ ነው። አራት ወር ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ።

አንደኛ፤ ጸሐፊዎ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን እያሳየን «መንገዱ ቅርብ ነው፣ በዚህ ሳምንት ኢንሻአላህ» ስላለን አመንነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አስከሬኑ ሲደርስ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በሽማግሌ ነው። ስለዚህ እውነቱን ለአጎቷ ለአሻግሬ ብቻ ነግረን፣ እናቷን እማማ ተዋበችን «ልጅዎ ሐሙስ ትገባለች» አልናቸው። መንገዱ ስንት ይፈጃል ሲሉኝም ከሰሌዳዎ ገልብጬ ሦስት ሰዓት ብያለሁ። እሳቸውም አዲስ ፍራሽ ገዝተው፣ ላስቲኩን ሳይፈቱ፣ በየሐሙሱ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛ፤ የሟች ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በሞተች በዐሥረኛው ቀን ጊዜው አልፎ በመቃጠሉ፣ አሠሪዋ አስቀድሞ እንዲያሳድስላትና የመውጫ ቪዛ እንዲያወጣላት አዘዋል። ሞታ ያለ ፈቃድ ሪያድ መቀመጧ ጥፋት መሆኑን ስላስገነዘቡን ከልብ እናመሰግናለን። በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ድፍረት አልነበራትም።

ሦስተኛው ከእርስዎ ይልቅ እኔን ይመለከታል፤ ግን የምጽፍለት ሌላ ባለሥልጣን የለኝም። በየቀኑ በሟች ስልክ የእናቷ የድምፅ መልእክት ይገባል። እኔም ጉንፋን ድምፄን ዘግቶታል እያልኩ፣ በወለቴ ስም በጽሑፍ እመልሳለሁ። ነጭ ሽንኩርት በማር ብዪበት ይሉኛል፤ እበላለሁ። አሁን አሁን ሥራ ቦታ «ወለቴ» የሚል ጥሪ ሰምቼ «አቤት» ብዬ እዞራለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ከእኔና ከመወልወያዬ በቀር ማንም የለም። አንሶላዋን አጥቤ ካነጠፍኩት ቆየሁ፤ ጠዋት ሳየው ግን ሰው ተኝቶበት ያደረ ይመስለኛል። እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ። እሷ ካልሄደች እኔም ከስሟ የምወጣበት መንገድ የለኝም።

የሚመኙት ሁሉ በሰሌዳዎ ላይ እንደተጻፈው መንገድ ፈጥኖ እንዲደርስልዎ፣ በምንም ምክንያት ግን በቢሮዎ በኩል እንዳያልፍ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ምንትዋብ
(ለእማማ ተዋበች፣ ወለተ ገብርኤል)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከእማማ ተዋበች አዲስ መልእክት ገባ። «ማን እንደሆንሽ አላውቅም፣ ልጄ። ጉንፋን አራት ወር አይቆይም። ይህን ብቻ ንገሪኝ፤ የልጄ አርባ አልፏል?» ይላሉ። ማለፉን እኔው እነግራቸዋለሁ። መቼ እንደምትገባ የሚያውቁት ግን እርስዎ ስለሆኑ፣ ስልክ ቁጥራቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ገና አንዴ ሲጠራ ያነሡልዎታል።