የማንግሮቭ ውሃ ቀማሿ

ስንዱዬ፣
ሽሮ ላይ ሁለቴ ጨው የጨመርኩት እኔ፣ ዛሬ እዚህ ላሙ ደሴት ላይ የጨው ዳኛ ሆንኩልሽ! የምናፈላቸው የማንግሮቭ፣ ማለት ባሕር ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ፣ ችግኞች ጨው ከበዛባቸው ይቀጭጫሉ፤ ጨው ሳይለምዱ ካደጉ ደግሞ ባሕር ሲገቡ ይሞታሉ። ሁሌም ውሃውን ቀምሰው የሚያጠጡት እማማ ሙዋናሻ ናቸው። አሁን ግን ረመዳን ገባ። ከማጠጫው በርሜል በጣሳ ቀዱና፣ «አንቺ ያልጾምሽው፣ ቅመሺ!» አሉኝ።

«እንባ እንባ ይላል።»

«የሰርግ ነው የለቅሶ?»

«የሰርግ ነው፤ ቀለል ያለ።»

አብረውን የሚሠሩት ሴቶች በሳቅ ፍርስ አሉ። እማማ ግን ሳይስቁ ሁለቱን ሺህ ችግኝ ከዚያው በርሜል አጠጡ። በእኔ ምላስ!

ፖስት ካርዱ ሞላ፣ መጻፊያ ቦታ የለም። እማዬን ሳሚልኝ። የሽሮውን ነገር ከእንግዲህ ያነሳ ወዮለት!

ያንቺዋ ዘርፌ