ሽማግሌ ያስላከች ሳይክል

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ እሸቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚቆረጥምህ ጉልበትህስ እንዴት ነው? እትዬ ፋናስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሐዋሳ ዘንድሮ ክረምቱ በጊዜ ገባ ወይስ ገና ያንገራግራል? ስለ እኛ አታስብ፤ እኔም ልጄ ሊዲያም ደህና ነን። እንዲያውም እኔ ባለፈው ፎቶ ላይ ያየኸው ውፍረት ለቆኝ ልብሴ ሁሉ እየሰፋኝ ነው። ምክንያቱን አሁን ታነበዋለህ።

ሳይክል ገዛሁ። አዎ፣ እኔ እህተማርያም፣ በአርባ አራት ዓመቴ! ይህን ስታነብ ሱቅህ በራፍ ላይ ቆመህ "ደግሞ ማን አስተማራት?" እንደምትል አውቃለሁ። ለሐዋሳ ልጅ ሁሉ በሰዓት ስታከራይ ለእኔ "ሴት ልጅ ወድቃ ብትሰበር ማን ይጠየቃል" ብለህ የከለከልከኝን አልረሳሁም። ዛሬ ልናዘዝልህ፤ አንተ ለምሳ ስትሄድ ያቺን ፍሬን የሌላትን አረንጓዴዋን እየወሰድኩ ሐይቁ ዳር እነዳት ነበር። ጎማዋን በየሳምንቱ ያስተነፍስ የነበረው እሾህ ሳይሆን እኔ ነኝ።

የገዛሁት በመሥሪያ ቤቴ በኩል ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ረዳት ነርስ ሆኜ እንደሆነ ታውቃለህ። በሳይክል ልመላለስ ላለ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከሱቅ ይገዛለትና ዋጋውን ዓመት ሙሉ ከደመወዙ ላይ ጥቂት ጥቂት እያለ ይቆርጣል። ደመወዝ ተቆረጠ ስልህ እዚያ እንደምናውቀው ቅጣት እንዳይመስልህ፤ ወድጄና ፈርሜ ያስቆረጥኩት ነው። ገንዘቡ እጄ ሳይገባ ስለሚነሳም አያሳሳኝም።

ሳይክል ያስገዛኝ ግን ማርፈድ ነው። ኩምሳን በስልክ ሰላም ብለኸዋል። እዚህ አገር የገባሁ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የጠበቀኝ፣ ያኔ ሁለት ዓመቷ ለነበረችው ሊዲያ ኮት ይዞ የመጣው፣ ይህንንም ሥራ ያገኘልኝ እሱ ነው። ብሉሚንግተን ወዳለው ሥራው ሲሄድ እኔን በመኪናው ወስዶ ከመሥሪያ ቤቴ በር ሲያወርደኝ ዓመታት አለፉ። ለቤንዚን እንኳ ልስጥህ ስለው ይቆጣል። ችግሩ ደግነቱ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይጭናል። አንዱ ጫማውን እስኪያገኝ፣ አንዷ ምሳዋን እስክትቋጥር ስንጠብቅ እኔ ዘግይቼ እገባለሁ። እኔ ካልገባሁ ደግሞ ሌሊቱን ያደረችው ሠራተኛ መውጣት አትችልም።

ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሦስተኛው ማሰናበቻ እንደሆነ አለቃዬ ነገረችኝ። ለምን እንደማረፍድ ስትጠይቀኝ "እንቅልፍ ጥሎኝ ነው" አልኳት። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለብሼ መስኮት ላይ የምቆም ሴት! ግን ያን ሁሉ ውለታ የዋለልኝን ሰው ስም እንዴት አድርጌ በክፉ ላንሳ? ለእሱስ በምን አፌ ልንገረው? ሊዲያ "ጀስት ቴል ሂም፣ ማሚ" ትለኛለች፤ ንገሪውና ተገላገዪ ማለቷ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አልያዘውም። እኔ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ፤ ሳይክሏንም አዘዝኩ።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም እንዳትናገር። ሳይክሏ ከመጣች በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምድር ቤት ቆልፌባት በኩምሳ መኪና ሄድኩ። ደመወዜ ይቆረጣል፣ ሳይክሏ ቆማለች፣ እኔም አረፍዳለሁ። አለቃዬ ፈቃድ ላይ ባትሆን ኖሮ ይሄኔ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ጨክኜ "ዛሬ አትምጣ" የሚል መልእክት ላክሁለት። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። ምክንያቱን ግን አልጻፍኩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልንቀርብ ስንል በር ተንኳኳ። እዚህ ሰፈር ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት አቶ ነገሪና እትዬ ከሚሪያ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ኩምሳ አንገቱን ደፍቷል። ለካስ የተቀየምኩት መስሎት ሽማግሌ ልኮብኛል! አቶ ነገሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ" ብለው ጀመሩ። ኩምሳም "ምን በድያት ነው መኪናዬን የተጠየፈችው? ባጠፋ ልካስ" አለ። እኔ ሽማግሌ ፊት መዋሸት አልቻልኩም። ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኩት።

ወረቀቶቹን ሁለቴ አነበባቸው። "በእኔ የተነሳ ከነልጅሽ ሜዳ ላይ ብትወድቂ በምን ዓይኔ አይሽ ነበር?" አለኝ። እሱም አለቀሰ። እትዬ ከሚሪያ ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው ብለው ፈረዱ፤ እሱ ሰዓት አላከበረም፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም። በረዶ ሲወርድ ከማንም አስቀድሞ እኔን ሊያደርስ፣ መንገዱ ደረቅ ሲሆን በሳይክሌ ልሄድ ተስማምተን ተሳሳምን። ምሳውንም አብረን በላን።

ይኸው አምስተኛ ሳምንቴ ነው፤ አንድ ቀን አላረፈድኩም። አለቃዬም ስለ ሦስተኛው ወረቀት ማንሳቱን ትታዋለች። የታረቅንበትን ማግስት ግን ሳልነግርህ አልዘጋም። ሰኞ ጠዋት ሄልሜቴን አጥልቄ ወጣሁ። ዋናው መንገድ፣ ሮበርት ስትሪት ጋ ስደርስ አንድ መኪና ከኋላዬ በቀስታ ሲከተለኝ ተሰማኝ። ዞር ብል ኩምሳ ነው! የአደጋ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ ከኋላው ያሉት ሾፌሮች ጡሩንባ እየነፉበት፣ ሰው እንዳይገጨኝ መንገዱን ዘግቶልኛል። እለፍ ብዬ በእጄ ባሳየውም እምቢ አለ። የጫናቸው ሰዎች በመስኮት ብቅ ብለው "አይዞሽ! በርቺ!" እያሉ እስከ መሥሪያ ቤቴ በር ሸኙኝ። እኔ ሩብ ሰዓት ቀድሜ ገባሁ። እነሱ ያን ቀን ሁሉም አረፈዱ።

እትዬ ፋናን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ለልጅህ ለፀሎት የፈተናዋን ውጤት ራሷ እንድትነግረኝ ንገርልኝ፤ ካንተ አፍ አልቀበልም። ኖህንም ሳምልኝ፤ እህቱ ሳይክል ልንዳ ስትል እንዳይከለክላት። ሊዲያ እጅህን ትስማለች።

እህትህ እህተማርያም
ዌስት ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.