ቀይዋ መኪናና የአጎቴ ዳማ

ረቡዕ፣ ጥር 14። ጧት።

የመኪናዋ ኮፈን እንደተከፈተ ነው። አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ። ጥላሸት። ቤንዚኑ ነው። ማደያው ከደረቀ ቆየ፤ በጀሪካን የሚሸጠውን ነው የምናጠጣት፤ እሱም ነጭ ጋዝ ሳይቀላቀልበት አልቀረም። ቱርቦ ያላት መኪና ይኼን ስትጠጣ ሞተሯ ውስጥ ሰው በመዶሻ የሚደበድብ ይመስላል። ላፕቶፔን የመኪናዋ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ የካንዴላው እሳት ትንሽ ዘግይቶ እንዲመጣ አደረግሁ። የቱርቦውን ግፊት ቀነስሁ። ድብደባው ጠፋ። ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋ ረጋ። ደስ አለኝ። ምን ያደርጋል፣ የምትሄድበት የለ።

ደብተሬ፣ ዝም ያልሁሽ ተናድጄ ነው። ተዘግቶብናል። ከአ.አ. በዚችው ቀይ መኪና ለጥምቀት መጣን፤ እኔና የአጎቴ ልጅ ሀብታሙ። መኪናዋ የእሱ ናት። እሱ ሊያገባ፣ እኔ በዓሉን ውዬ ልመለስ። ከዚያ ተኩስ ተነሣና መንገዱ በባ/ዳርም በማርቆስም ተዘጋ። መናኸሪያው ባዶ። ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። አ.አ. ያስቀጠረኝ ሀብታሙ ነው፤ የጋራዡ ባለቤት ጓደኛው ነው። መንገድ ሲከፈት የምመለሰውም በእሱው መኪና። እንጀራዬም መንገዴም በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ናቸው። እንጅባራ ያደግሁባት ናት፤ እንዲህ ጠባብ መሆኗን ግን አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 16። ከሰዓት።

ሀብታሙ አዲስ ነገር አመጣ። መኪናዋ እንድታፈነዳ ይፈልጋል። እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሳ የጭስ ማውጫዋ፣ ማርሚታዋ፣ ጧ! ጧ! እንድትል። የአ.አ. ልጆች የሚያብዱለት ነገር ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም፦ እግር ሲነሳ ቤንዚኑ እንዳይቋረጥ ታደርጊያለሽ፣ እሳቱን በጣም ታዘገዪዋለሽ። ሞተር ውስጥ ሳይነድ የቀረው ማርሚታው ውስጥ ሄዶ ይፈነዳል። ለምንህ አልሁት። ለሰርጌ አለ።

እዚህ ሙሽራ ያለ ፈረሰኛ አይሄድም። ከከተማው ጫፍ እስከ ሙሽሪት ቤት፣ በግምጃ ቤት መንገድ፣ ፈረሶቹ ይመራሉ፤ መኪና ከኋላ ይከተላል። ከሁሉም ፊት የሚሄዱት የሙሽራው አባት፣ አጎቴ አያ ፈንቴ ናቸው፤ በዳማ ፈረሳቸው። እናቴ ስትሞት ጥሊሊ ድረስ መጥተው፣ ወደዚህ ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ልጃቸው ከኋላቸው ሊያፈነዳባቸው ነው። እኔ ደግሞ ባሩዱን አዘጋጅ!

እንቢ አልሁ። ሳቀ። የመመለሻዬን ነገር በጨዋታ መልክ ጣል አደረገ። ከዚያ ለአባቱ ሄዶ ነገረ፤ ስለ ፍንዳታው አይደለም፣ ሥራ ለመንሁት እንቢ አለኝ ብሎ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። አያ ፈንቴ ጠሩኝ። ልጄን በሰርጉ አታስከፋብኝ፣ የጠየቀህን አድርግለት አሉ። እሺ አልሁ። እሳቸው ፊት ከእሺ ሌላ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 19። ከሰዓት።

ሠራሁት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሠራው ደስ ብሎኝ ነበር። በክፉ ቤንዚን፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ፣ ቁጥሩን አንድ ከፍ አንድ ዝቅ እያደረግሁ ልክ የምፈልገው ቦታ ላይ አቆምኋት። አ.አ. ያሉት ቢያዩ ይቀኑ ነበር። ሀብታሙን ከጎኔ አስቀምጬ አስፋልት ወጣሁ። ረገጥሁ። እግሬን አነሳሁ። ጧ! ጧ ጧ!

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ሱቆቹ ሲዘጉ የቆርቆሮው ኳኳታ ከፍንዳታው ባሰ። ባጃጆች እየዞሩ ሸሹ። ከገበያ የምትመለስ እናት ድንቿን በትና ልጇ ላይ ተደፋች። በዚህ ጊዜ፣ በዚች ከተማ፣ ጧ የሚል ነገር ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔስ አላውቅም ኖሯል? ወርጄ ድንቿን ለቀምሁላት። ልጇን ስታቅፍ ዘንቢሉን እኔ ያዝሁላት። ሀብታሙ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልኩን እያየ ይስቃል፤ ቀርፆታል።

አፈርሁ። አሁንም እያፈርሁ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ ጥር 21። ጧት።

ለአያ ፈንቴ ነገርኋቸው። ዳማውን እያበጠሩ ነበር፤ በአገውኛ ያወሩታል፣ እሱም የሚመልስ ይመስላል። አያ፣ መኪናዋ ትፈነዳለች፣ ፈረሱ ይደነብርና ይጥልዎታል አልኋቸው። ማበጠሪያው እጃቸው ላይ ቆመ። የምር አዩኝ። እፎይ፣ ገባቸው አልሁ።

ምኑ ይግባቸው! «ፈረሴን ነው እንዴ የምትሰድብ? ይኼ ዳማ ጥይት እየጮኸ ገብሱን የሚቆረጥም ነው!» አሉ። ድሮ ለሙሽራ ሲተኮስ በጆሮው ሥር እያስተኮሱ የገሩት እሳቸው ናቸው። ጅራፍ አንስተው አጠገቡ አስጮኹት። ዳማው ጆሮውን እንኳ አላቆመም። «አየህ? እንግዲያስ ትፈንዳ! እንደውም ካልፈነዳች ሰርጉን አልመራም።»

እኔ ሞኙ! እዚህ አገር የሰውየውን ፈረስ ፈሪ ነው ከማለት ሰውየውን ፈሪ ማለት ይቀላል። እያወቅሁ። እሳቸውን ላድን ብዬ በገዛ አፌ አስማልኋቸው።

ዓርብ፣ ጥር 23። ቀን፣ ግቢው ውስጥ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወሬው ጎረቤት ከተማ አዘና ደርሷል። ከጧት ጀምሮ ፈረሰኞች እየመጡ ያችን ፈረስ የምታስበረግግ መኪና አሳዩን ይላሉ። ኮፈኑን በአለንጋቸው ጫፍ ይነካሉ። ለሰርጉ ያልተጠሩት ሁሉ እንመጣለን እያሉ ነው፤ እያንዳንዱ ፈረሱን ሊፈትን። ዳማው ላይደነግጥ ይችላል። ሌሎቹስ? ከነዚህ ውስጥ ጥይት ሰምቶ የማያውቅ የአምና ውርንጭላ ስንት አለ? ልጆች በፈረሶቹ መሀል ነው የሚሮጡት። መንገዱ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ኬላው ላይ የቆመ ባለ መሣሪያ ፈረስ ይሁን መኪና ምን ቸገረው? ጧ ሲል ይተኩሳል።

ይኼን ለሀብታሙ አልሁት። አባቴ ራሱ ፈቀደ አለ። ለአያ ፈንቴ አልሁ። ዛሬም ፈረሴን አልተውህልኝም አሉ። የምይዘው ጠፋኝ። አንዱ በመኪናው፣ አንዱ በፈረሱ፤ መሀል ላይ እኔ። ልጥፋ ብል በየት በኩል?

ፊውዝ ነቅዬ ላቆማት አሰብሁ። ሌላ መካኒክ ያስጠሩና ያገኘዋል። ተበላሸች ብል ደግሞ ፈረሰኞቹ ሰርጉን አስተላልፉ፣ ትሠራና እንይ ማለታቸው አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24። ማለዳ።

ገና ማንም ሳይነሳ አጠፋሁት። ፍንዳታውን ከመኪናዋ ኮምፒውተርም ከላፕቶፔም። የጠራውን፣ የረጋውን የድሮ አሠራሯን መልሼ ጫንሁላት።

እኩለ ቀን።

ሀብታሙ ሊሞክራት ወጣ። ረገጠ፣ አነሳ። ዝም። እንደገና። ዝም። ፈረሰኞቹ አጥር ላይ ተደርድረው ያያሉ። ምን ሆነች አለኝ። አቅቶኛል አልሁት። መልሰህ ሥራው አለ። አልችልበትም፣ ያን ዕለትም በአጋጣሚ ነው የሠራችው አልሁ፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብዬ። በሞተር ነገር አልችልም ብዬ አላውቅም። ለጓደኛዬ ጋራዥ ይኼን ነበር እንዴ መካኒክ ብዬ የሰጠሁት አለ። አዎ አልሁ። ስመለስ መኪናዬ ውስጥ እንዳላይህ አለ። እሺ አልሁ።

አያ ፈንቴ ፊታቸው ሊጠቁር ሲል ቶሎ ወደ እሳቸው ዞርሁ። «አያ፣ መኪናዋ ከዳማው ጋር አንድ ግቢ አድራ ነው እኮ፤ ፈርታ ነው» አልኋቸው።

ዞረው ዳማውን አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ደረታቸውን ይዘው። ፈረሰኞቹም ሳቁ። አሁን በየደጁ እየዞሩ መኪናዋ ዳማዬን ፈርታ አፏን ዘጋች እያሉ ነው፤ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ነገ በደስታ ይመራሉ። መኪናዋም ከኋላ ቀስ እያለች ትከተላለች።

እኔ በእግሬ ነኝ። ሀብታሙ ሚዜዎቹን ሲቆጥር ዘለለኝ። አ.አ. ደግሞ ማን እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል? አለቀስሁ፤ ለምን እደብቅሻለሁ። ከዚያ እጄን ታጠብሁ።

ከሰኞ ጀምሮ መንገዱ ይከፈታል የሚል ወሬ መጥቷል። ይከፈት።