እምዬ መነጽሩን ያጠለቀች ዕለት

ይድረስ ለውድ ታላቅ እህቴ ለዚነት፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ብርድ ሲሆን ይነሣብሻል? ብርድ ስል ጅዳ ምን ብርድ አለ ብዬ በራሴ ሳቅሁ። ከአንቺ ዘንድ ለእረፍት የመጣችው ዘይቱና ግን የቤት ውስጡ ማቀዝቀዣ ከደባርቅ ጥር ይብሳል ብላኛለችና ጥያቄዬን አልሰርዘውም። አሠሪሽስ እንዴት ይዛሻለች? እንቅልፍ በወጉ ትተኛለሽ? እኛ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ሁላችንም ደኅና ነን፤ የጎደለብን የአንቺ ዓይን ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ብዕር ማንሣቴ አይግረምሽ። በደወልሽ ቁጥር እምዬ ከጎኔ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ስለምትጥል የልቤን ላጫውትሽ አልቻልኩም። ዘይቱና የእረፍት ጊዜዋን ጨርሳ ነገ ስለምትነሣ ይህን ወረቀት በእጅሽ ትሰጥሻለች።

በእሷ እጅ የላክሽው፣ ስልክ ሲከቱበት ሩቅ አገርን በዙሪያ የሚያሳየው መነጽር በገና ሰሞን በደኅና ደርሶኛል። ያዘዝሽኝንም አልዘነጋሁም። አጎታችን ጠይብ ዘንድሮ ሐጅ እንደሚሄድ ከሰማች ወዲህ እምዬ አብሬው ካልሄድኩ ብላ አላስቀምጥ አላስቆም ብላናለች። አንቺ ደግሞ ጉልበቷ ያንን ግፊያ አይችልም ብለሽ ሰግተሻል፤ መካን ቁጭ ባለችበት በመነጽሩ አሳያትና አምሮቷ ይውጣላት ያልሽኝም ለዚሁ ነው። ጠይብም ስሟን ከስሙ ጋር ያስመዝግብ ወይ ይተወው፣ ቁርጡን ንገሩኝ እያለ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሐሳብሽ ለእኔም ጥሞኝ ነበር። ሥዕል ሥራዬ አይደል? ደባርቅ ውስጥ ግድግዳው ላይ የእኔ ቀለም ያላረፈበት ሻይ ቤት ፈልገሽ አታገኚም። በያርጋል ሻይ ቤት የሳልኩትን ባሕር ነግሬሽ የለ? ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ማዕበሉን ግን እንዴት አድርጌ ባንከባልለው ነው፣ አንድ የዛሪማ ሹፌር ከሥሩ ተቀምጦ በረደኝ ብሎ ወንበር ቀየረ። እንዲህ ያለ ሰው መካን ለእናቱ ማሳየት ያቅተዋል ብለሽ ነው?

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቀጠርኳት። እሷ እቴ፣ እንደ ቴሌቪዥን ዝም ብላ የምታይ መስሎኝ! ውዱእ አድርጋ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ደጅ አውልቃ መጣች። ጎረቤታችን እማማ በለጠችም ወሬው ደርሷት ተከትላ ገባች። ስልኩን መነጽሩ ውስጥ ከትቼ በሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና አጠለቅሁላት። ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ አየሩን ትዳብስ ጀመር። ደንግጬ ላወልቅላት ብል እጄን በጥፊ አለችው።

ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አነስ፣ ፊቴን ወዴት ነው ያዞርከው አለችኝ። ወደ በሩ ነው አልኳት። በሩ የሚያየው ወደ ዳባት አይደለም ወይ፣ ካዕባ ከመቼ ወዲህ ነው በዳባት በኩል የሆነው ብላ ተቆጣች። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች ክፍል ወደ ሊማሊሞ ዞራ የሰገደች ሴት ናት፤ ማን ያታልላታል! እኔና በለጠች ወንበሩን ከነእሷ አንሥተን ወደ ሊማሊሞ ብናዞረው ካዕባው ዳባት በኩል ቀርቶ ከጀርባዋ ሆነ። አስታግፊሩላህ፣ ጀርባዬን አሰጣችሁኝ ብላ ጮኸች። በለጠች በሳቅ ፍርስ አለች፣ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ በስልኩ ያለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዘግቼ እንደ አዲስ ስከፍተው ካዕባውም፣ የምትሰግድበት አቅጣጫ ቂብላውም፣ እናታችንም በአንድ መስመር ሆኑና ሰላም ወረደ። ያን ሥዕል ያነሡት ሰዎች ሰው በየትም በኩል ዞሮ ቢያየው ግድ አልሰጣቸውም። እምዬ ግን መነጽሩ ውስጥ ያለው ዓለም እኛ ካለንበት ዓለም ጋር ካልተጋጠመላት አይሆንላትም። እኔ ስንት ዓመት ስስል ይህ አንድ ቀን አልታሰበኝም።

ቀጥሎ የሆነው ነው ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ጠይም፣ ምርኩዝ የያዘች አሮጊት አጠገቧ ትመጣለች። አንቺም አይተሻት ይሆናል፤ ወደ ተመልካቹ ቀና ብላ ፈገግ ትላለች። እምዬ ፊቷ በርቶ አሰላሙ ዐለይኩም አለቻት። መልስ የለም። ያልሰማቻት መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችላት። አሁንም መልስ የለም፣ ሴትዮዋም መንገዷን ቀጠለች። እምዬ መነጽሩን በገዛ እጇ አወለቀችና ምን አድርጌያት ነው የምትዘጋኝ ብላ ጠየቀችኝ። ዚነት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሴትዮዋ እዚያ ያለችው በሥዕል እንደሆነ፣ የተነሣውም አምና እንደሆነ አስረዳኋት። ገባት። ያውም ከጠበቅሁት በላይ ገባት።

እኔ ሞኙ አሁንማ ረካች ብዬ፣ እንግዲህ ቦታውን አየሽው አይደል፣ ይበቃሻል አልኳት። እሷ ግን፣ እኔማ አየሁ፣ እኔን ያየኝ ግን የለም አለችኝ። ይህን ብላ ጠይብን ጥራልኝ አለች። ጠይብ ሲመጣ ምክር አልጠየቀችውም፣ ስሜን ከስምህ ሥር አስገባ ብላ አዘዘችው።

ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ያርጋል ያን የእኔን ባሕር ዓመት ሙሉ ከሥሩ ተቀምጦ ሲያየው ከርሞ አንድ ቀን ሻይ ቤቱን ዘግቶ ጎርጎራ ወረደ። ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸር ሰንብቶ መጣና ማዕበልህ ልክ አይደለም ብሎ ግማሹን እንደገና አሳለኝ። ጥሩ ሥዕል አምሮት አያስወጣም እህቴ፣ ያስነሣል እንጂ። ለዚህ መነጽር የበዛ ክብር የምሰጠውም ለዚሁ ነው። እምዬ መካን እስከዛሬ ስትመኘው በተስፋ ነበር፤ አሁን ግን እዚያ ረስታው የመጣችው ዕቃ ያላት ትመስላለች።

ስጋትሽን አቅልዬ አይደለም። እኔም ፈርቼ ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። የደም ግፊቷን ለክቶ፣ ጉልበቷን አገላብጦ አይቶ፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ ሲደክማት በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች መሄድ ትችላለች አለን። ከዚያ ወዲህ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ከእማማ በለጠች ጋር እስከ ሊማሊሞ መውረጃ ደርሳ ትመለሳለች። በለጠች እሷ ምን ቤት ናት ብትይ፣ ለከርሞ ኢየሩሳሌምን የሚያሳይ መነጽር አስመጣልኝ ብላ ይዛኛለች፣ እስከዚያው እግሬን ላፍታታ ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን እምዬን እየደገፍኩ እሄድ ነበር፤ አሁን ሁለቱ እያወሩ ጥለውኝ ይሄዳሉ።

ስለዚህ በስልክ ደግመሽ ቅሪ አትበያት። ፈርተሽላት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ጠይብ ስሟን አስገብቷል። ጉዳዩ አልቋል ብዬ በሙሉ አፌ እነግርሻለሁ፣ የሚመጣም ነገር ካለ እኔን ውቀሺ። አንቺ ከአሁኑ አሠሪሽን ለምነሽ በሐጅ ሰሞን ጥቂት ቀን አስፈቅጂ። የቀረውን ለእኔና ለጠይብ ተይልን።

ጠይብ በጣም ሰላም ብሎሻል፤ እዚያ ስደርስ የምትቀበለኝ በጥሩ ምግብ ነው ብሏል። ባለቤቴን ዙቤዳን ከልብ ናፍቀሻታል። ትንሿ ልጄ ኢክራም በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቃትን አክስቷን ትስማለች። እማማ በለጠች፣ በእኔ ስም ዓይኗን ሳሚልኝ ብላ ዘይቱናን አደራ ብላታለች። ያርጋልም ሰላም ብሏል።

እምዬ ግን ሰላምታ አልላከችልሽም። ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት በወረቀት አይሆንም አለችኝ። ያቺ ሴትዮ የቆመችበትን ቦታ ከመነጽሩ ለይታ ይዛዋለች። ዚነት እዚያ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ፣ ሰላምታዬን በአፌ እሰጣታለሁ፣ ትመልስልኝ ብላለች።

ወንድምሽ አነስ

ደባርቅ፣ የካቲት ፬ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.