ከሚዛን ወደ መጥረጊያ

ጥር 12

ጠዋት የውኃ ጉዳይ ኮሚቴ። የተቋረጠ ውኃ በሳምንት ውስጥ «ሊጠገን ይችላል» የሚለውን የውኃ ደንቡን ሦስተኛ አንቀጽ «መጠገን አለበት» አስባልሁት። ከጎኔ የሚቀመጠው አባል እንደ ልማዱ አንቀላፋ። እኔ አምስት ጊዜ ተመርጬ በዚህ ምክር ቤት ስቀመጥ አንድም ቀን አላንቀላፋሁም።

ከሰዓት ሾፌሬ፣ «ጋሼ፣ የዕጩዎች ምዝገባ ዛሬ ተከፍቷል። ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል፤ እንሂድ?» አለኝ።

«ሰልፉ ሲያልቅ እንሄዳለን። እኔ ከጎረምሳ ጋር የምጋፋ ሰው ነኝ?»

አንገቱን ሲያክክ አየሁት።

ጥር 15

ምዝገባ ሄድሁ። ሰልፍ የለም። መዝጋቢዋ ልጅ በአክብሮት ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ፤ ከዚያ ዐይኗን ሰበር አድርጋ፣

«ጋሼ... ሚዛን ተወስዷል» አለች።

ሚዛን የምርጫ ምልክቴ ነው። ከመጀመሪያው ምርጫ አንሥቶ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከስሜ ጎን የኖረ ሥዕል። በሚዛን ለጥቂት አሸነፍሁ፤ በሚዛን ያለ ተፎካካሪ አለፍሁ፤ ለአባላት አዲስ መኪና ይገዛ ሲባል ብቻዬን እጄን አንሥቼ ተቃውሜ ባልደረቦቼ ሲያኮርፉኝ፣ ሕዝቡ በሚዛን መልሶ ላከኝ።

«የእኔ መሆኑን አገር ያውቃል!»

«ደንቡ ቀድሞ ለመጣ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

ደንቡን ያጸደቅነው እኛው ነን። እጄንም አንሥቻለሁ። ምን እላለሁ?

የወሰደው የመድኃኒት ቤቱ ጎረምሳ ነው። የቀሩት ባልዲና መጥረጊያ... መጥረጊያውን ወሰድሁ።

የካቲት 9

ፖስተሩ ተለጠፈ። ገበያ ውስጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ «ጋሼ፣ መጥረጊያ ያዙ? እስቲ ከእኔ ደጅ ይጀምሩልን!» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። እኔ አልሳቅሁም።

ሾፌሬ ቤት ለቤት እየዞርን ምልክቱ መለወጡን እንናገር ይላል። «አረጋውያኑ ስም አያነቡም፣ ጋሼ። ሥዕል አይተው ነው የሚመርጡት።»

ደጅ እያንኳኳሁ ምረጡኝ ልል? የኔታ ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለው ነው ያሳደጉኝ። ሥራዬን የሚያውቅ ስሜን ፈልጎ ያገኘዋል።

«እሺ፣ ለእትዬ እንኳ ይንገሯቸው።»

ታላቅ እህቴን ማለቱ ነው። እሑድ እሑድ ምሳ የምበላው ከእርሷ ጋር ነው። ነገር ግን ከቤተሰቤ ድምፅ ለምኜ አላውቅም። አልለምንምም።

መጋቢት 2

ምርጫ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አስተናባሪዎቹ እንደ ወትሮው ቀድሜ እንድገባ አሳለፉኝ። ድምፄን ሰጥቼ ተመለስሁ።

መጋቢት 4

ተሸነፍሁ። በጥቂት ድምፅ።

መጋቢት 5

ሾፌሬ ከእኔ ይልቅ ተናዷል። «አቤቱታ እናስገባ! ያ ሁሉ ሽማግሌ ሚዛን ላይ ምልክት ያደረገው ለእርስዎ መስሎት ነው። ልጁ ራሱ ልቡ ያውቀዋል!»

እውነቱን ነው። አቤቱታውን በገዛ እጄ ጻፍሁ። አማረልኝ። ሰኞ ይገባል።

መጋቢት 6

እሑድ። እህቴ በሩን ስትከፍት ፊቷ በርቷል።

«እንኳን ደስ ያለህ! ሚዛን አሸነፈ ሲሉ ሰማሁ።»

«ማንን መረጥሽ፣ እትዬ?»

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሚዛንን ነዋ! ጉልበቴ እምቢ እያለኝ፣ በሰው ተደግፌ ሄጄ!»

«ሚዛን የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ነው። እኔ መጥረጊያ ነበርሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ።

«መጥረጊያ? አንተ?... እና አፍ የለህም? ስንት እሑድ እዚህ ተቀምጠህ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ስትል ይህቺን መናገር አቃተህ?»

«ነውር መስሎኝ ነው።»

«ለእህት መናገር?»

እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ።

አቤቱታው ኪሴ ውስጥ ነበር። ምን ብዬ ነው የማስገባው? እህቴ እንኳ አልሰማችም ብዬ? ልጁ ያጠፋው የለም፤ ተሰልፎ ያገኘውን ወሰደ። ወረቀቱን ቀድጄ ከምሳው በፊት ጣልሁት። ጨው በዝቶ ነበር። ዝም ብዬ በላሁ።

ሚያዝያ 20

የእህቴ ሰፈር ውኃ ከተቋረጠ ሰነበተ። «እኔ የመረጥሁት አንተን ነው፤ አስጠግን» ብላ ያዘችኝ። በሕግ የማያስኬድ ክርክር ነው፤ ግን ከእርሷ ጋር ማን ይከራከራል? በታክሲ ይዣት ወደ አዲሱ ተመራጭ ቢሮ ሄድሁ።

በሩ ላይ ሚዛኑ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል። ልጁ ድምፄን ሰምቶ ብቅ አለ።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎማ አይሰለፉም፤ ይግቡ እንጂ!»

«ከፊቴ ሰው አለ» አልሁት።

እህቴን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ መጨረሻ ላይ ቆምሁ። ከፊቴ ያቺ ሽንኩርት ሻጭ ናት። ዞር ብላ አየችኝና፣ «ውይ፣ መጥረጊያው!» አለች።

አሁን ሳቅሁ።

«እርስዎም ለውኃ ነው?»

«ለውኃ ነው።» ከዚያ ስለ ውኃ ደንቡ ሦስተኛ አንቀጽ ነገርኋት፤ በሳምንት ውስጥ መጠገን ግዴታቸው እንደ ሆነ፣ ተራዋ ሲደርስ አንቀጹን ጠቅሳ እንድትጠይቅ።

«አንተ ፈጣሪ! ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?»

ከኋላዬ ወደ ቆመው ሰው ዞሬ ለእርሱም ነገርሁት።