ሳይጠየቁ ስለታተሙ ስድስት መቶ ባጆች

ለክብርት ፊሊፓ ኦርምሮድ
የኬልደርዊክ ከተማ ምክር ቤት የሠራተኞች አስተዳደርና የአካታችነት ዳይሬክተር

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ምቹ ወንበርዎ ላይ እንደተደላደሉ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ሞሪን ታተርሶል እባላለሁ፤ የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ስሆን፣ ዘወትር ማለዳ በከተማው መዋኛ ከሚንቦጫረቁት አሥራ አራት አዛውንት አንዷ ነኝ። ለጻፍኩልዎ ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ባለመስጠት የንባብ ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ሦስተኛውን ከተማው ሁሉ እንዲያነበው ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ።

አንደኛ፤ ስለ «አክብሮት ሳምንት» ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማንም ሰው በእንግሊዝኛችን «ሂ» (እሱ)፣ «ሺ» (እሷ) ወይም ጾታ በማይለየው «ዘይ» (እነሱ) ተብሎ መጠራት ይፈልግ እንደሆነ ተጠይቆ በመረጠው እንዲጠራ ማዘዝዎ መልካም ሐሳብ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ምርጫው የተጻፈበትን ባጅ ደረቱ ላይ ያድርግ ማለትዎም እሺ ይሁን። ነገር ግን ስድስት መቶ ሰው መጠየቅ አድካሚ ሆኖ ስላገኙት፣ ቢሮዎ የሁሉንም «ምርጫ» ከቅጥር ማኅደራቸው የጾታ መስመር ገልብጦ አሳተመ። የሰውን ምርጫ ባለቤቱን ሳያስቸግሩ ማወቅ በእውነቱ ብርቅ ችሎታ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሮዋን ፔክ። ሮዋን የዋና አስተማሪያችን ናቸው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ከቤት መውጣት አስጠልቶኝ ሳለ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ አገጬን በመዳፋቸው ደግፈው ውኃ ላይ ያንሳፈፉኝ እርሳቸው ናቸው። ሮዋን መጠራት የሚፈልጉት «ዘይ» ተብለው ነው። ይህን ያወቅነው ባጅ አንብበን አይደለም። ጡረታ የወጣው ሥጋ ሻጭ ሃሮልድ ክሌግ ከገንዳው መሃል ሆኖ፣ «እኔ እንኳን የሰው፣ የራሴን የልጅ ልጆችም ስም አምታታለሁ! እንዴት ብዬ እንደምጠራዎት ይንገሩኝና ልልመደው!» ብሎ ጮኸ። ተነገረው፤ አለቀ። አሁንም አንዳንዴ ይሳሳታል፤ «ውይ፣ ረሳሁት!» ይልና አርሞ መዋኘቱን ይቀጥላል። ለዚህ ብለን እንደ ቢሮዎ አዳራሽ አልተከራየንም፤ ባለቀለም ኬክም አልቆረስንም።

ሦስተኛ፤ ቢሮዎ ለሮዋን «ሺ» የሚል ባጅ ሰጣቸው። ሮዋን እንዲስተካከልላቸው በትሕትና ጠየቁ፤ ኅትመቱ ተዘግቷል ተባሉ። ባጁን ኪሳቸው ቢከቱት ደግሞ «የአክብሮት ባጅ ባለማድረግ አክብሮት አጉድለዋል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። በዕድሜዬ ብዙ የሞኝ ወረቀት አንብቤአለሁ፤ ይህኛውን ግን ሁለት ጊዜ መነጽሬን ጠርጌ ነው ያመንኩት። የፊታችን ማክሰኞ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ ከሥራ ሊባረሩም ይችላሉ።

አራተኛ፣ አምስተኛ እያልኩ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ጨዋነቴ ሦስተኛው ላይ አለቀ። ስለዚህ በግልጽ ልንገርዎ፤ ሥራዎን እንቀዋለሁ። በክፋት የማይጠይቅ ሰው ቢያንስ እንዳልጠየቀ ያውቃል። እርስዎ ግን ማንንም ሳይጠይቁ «ሁሉንም የጠየቀ መሥሪያ ቤት» ተብለው መድረክ ላይ ወጥተው ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያው ሳምንት ውሸቱን ደረቴ ላይ አልለጥፍም ያሉትን አንድ ሰው ለቅጣት አቀረቡ። ሮዋን እኛን ማስተማር ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ባለፈው ሳምንት ግን ገንዳው ዳር ቆመው፣ እርሳቸው ከተባረሩ ማን እንደሚያስተምረን ሲጠይቁን ሰማሁ። ነገሩን እዚህ ለማድረስ ስንት ስብሰባ እንደፈጀብዎ ባላውቅም፣ ድካምዎ ፍሬ አፍርቷል።

ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማተሚያ ማሽንዎ ጥቂት ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ከማይለካው አክብሮቴ ጋር፣

ሞሪን ታተርሶል
ባጅ የሌላት የከተማው ነዋሪ

ተጨማሪ፦ ማክሰኞ አሥራ አራታችንም ፀጉራችን እንደረጠበ ለምስክርነት እንመጣለን። ኮሚቴው «ሮዋንን የጠየቀ ሰው ማነው?» ቢል ሁላችንም እጃችንን እናወጣለን። ከእርስዎ ቢሮ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ ካለ አስቀድመው ያሳውቁን፤ ወንበር እንይዝለታለን።